አያ ጅቦ በቀበሌ አዳራሽ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት! ... ምነው፣ «የላም በረት» አትሉም እንዴ? የኮልፌ 18 ማዞሪያ አያ ጅቦ እንዲህ ዝም የሚል ታዳሚ ቢገጥመው ኖሮ መጋረጃው ሳይከፈት ወደ እናቱ ይሮጥ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቀበሌው ሱቅም ኪነትም ይዞ መጣ። ትልልቆቹ ካኪ ለብሰው እጃቸውን እየወነጨፉ ስለ አብዮቱ ይዘምራሉ፤ እኛ የሕፃናት ኪነት የተባልነው ከኋላ ከኋላቸው። የሚያሠለጥነን ጋሼ ግን የሰልፉን መዝሙር በጥድፊያ ያስጨርሰንና በሩን ገርበብ አድርጎ «በሉ አሁን ተረቱን!» ይላል። እኛም የምንመጣው ለዚህችው ነበር።

ተረቱን ታውቁታላችሁ። ድርቅ ገባ፤ አራዊት ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአተኛ አለና ይናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ መብላቱን ተናዘዘ፣ ማሩት። ነብር ፍየል፣ ጅብ በግ መብላታቸውን ተናዘዙ፣ እነሱንም ማሯቸው። አህያ ተራዋ ደርሶ ከጌታዋ ጭነት ላይ ጥቂት ሳር መንጨቷን ስትናገር ሁሉም ባንድ አፍ «ዝናቡን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ!» አሏት። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚባለው እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ዘፈን አደረገው። አንበሳ በማርሽ ይገባል፣ ጅብ በባቲ ያቅራራል፣ አህያ በትዝታ ታለቅሳለች። ክራሩን የሚመታው ራሱ ነው።

የጅቡ ቆዳ ጆንያ ነበር፣ ነጠብጣቡ ከሰል። በላብ ሲርስ ከሰሉ ይወርድና አያ ጅቦ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ነጠብጣቡ በሙሉ ፊቱ ላይ ተገኝቷል። የአንበሳው ጎፈር ቃጫ ነው። ጫካው ግን የእውነት ነበር! አጠና ተራ ብዙም አይርቀንምና አጠናውን ከነቅጠሉ ለአንድ ምሽት ተውሰን አዳራሹ ውስጥ አቆምነው። ባሕር ዛፉ ሸተተ፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ እናቶች ጉንፋን የያዘው ልጅ ካለ ወደ መድረኩ ጠጋ በል ይሉ ጀመር።

አህያዋ ወንድ ልጅ ነበረች። ሲመሽ ሴት ልጁን የሚለቅ ወላጅ አልተገኘማ! ልጁ ቢያኮርፍ ጋሼ «አባባ ተስፋዬም ሴት ሆነው ተውነዋል» ብሎ አፉን አስያዘው። እውነቱን ነው፤ ተስፋዬ ሣህሉ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። እኛ የምናውቃቸው ግን በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ለ42 ዓመታት «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ተረት ነግረዋል። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ደጃፉ በጫማ ይሞላ ነበር። እናም ልጁ አባባ ተስፋዬ ሲባል ቀሚሱን አጠለቀ፣ ጆሮውን አሰረ፣ ገባ።

አሁን ነው ጉዱ። አራዊቱ አህያዋን ከበው ሊበሏት ሲሉ ከታዳሚው መሐል አንዲት ድንቡሼ «እሷ ሳር ብቻ ነው የበላችው!» ብላ ጮኸች። ከዚያማ ማን ይያዘው! አዳራሹ ተነሣ። ትንንሾቹ መድረኩ ላይ ወጥተው የጅቡን ጅራት ይጎትታሉ፤ ጅራቱ ገመድ ነውና ተበጠሰ። ጋሼ ክራሩን ሳያቆም «ዝናብ! ዝናብ!» አለን። እኛም ያልተለማመድነውን ዝናብ በጭብጨባ አዘነብን፤ አህያዋ ዳነች። በሚቀጥለው ጊዜ ጨዋታው የተጀመረው ጠበቃ የሆነች ጦጣ ተጨምራበት ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ምክንያቱም ይህ የአውሬ ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን ጽፈው ቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ፊት አሳዩ፤ መኳንንቱም አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ አላጡትም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከእኛ አህያ ጋር የቆሙት ሕፃናት ግን ይህን ሁሉ ማን ነግሯቸው!

ኋላ ከሰፈር ወጥተን 4 ኪሎ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን አየን። እዚያ መጋረጃው ቬሉር ነው፤ ጅቡም ከሰል አይወርደውም። መብራቱ ድርግም ሲል የእኛ ሰፈር ልጆች ተያዩ፣ አንዱ አልቻለም፣ «ኩኩሉ!» አለ። አዳራሹ በሙሉ «አልነጋም!» «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» አስተናጋጇ «ሽ!» እያለች በባትሪ ብትሯሯጥ ማን ሊሰማት። ለሦስተኛ ጊዜ «ኩኩሉ!» ሲባል ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ ምናልባት አንበሳው ራሱ፣ «ነጋ!» ብሎ መለሰና መብራቱ በራ።