በሰፈር ውስጥ የመኖሪያና የንግድ ሕንፃ ሲታቀድ የነዋሪው አስተያየት ክብደት የሚኖረው መቼ ነው? የዋሽንግተን ዲሲ አሠራር

በዋሽንግተን ዲሲ ከሥር ሱቆች፣ ከላይ መኖሪያ ቤቶች ያሉት አዲስ ሕንፃ ሊሠራ መታቀዱ ሲሰማ በአካባቢው የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። የቤት ኪራይ ይንር ይሆን? አሁን ያሉት መደብሮች ወዴት ይሄዳሉ? ከአዲሶቹ ቤቶች ምን ያህሉ በነባሩ ነዋሪ አቅም የሚከራዩ ይሆናሉ?

የከተማዋ ሕግ ነዋሪው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ አስተያየት የሚሰጥበትን በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ የአስተያየቱ ክብደት የሚለካው በተናጋሪው ብዛት ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ በእቅዱ ዓይነት፣ አስተያየቱ በሚቀርብበት ጊዜና በሚቀርብለት አካል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ቀደም ሲል በአዳምስ ሞርጋን፣ ኋላም በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና አካባቢ በርካታ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ከፍተዋል። አካባቢዎቹ በአዳዲስ ሕንፃዎች እየተለወጡ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎች ወደ ሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ አቅንተዋል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፦ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

የከተማዋ የመሬት አጠቃቀም ደንብ በየቦታው ሊሠራ የሚችለውን የሕንፃ ከፍታ፣ ስፋትና አገልግሎት አስቀድሞ ይወስናል። አንድ አልሚ ከዚህ ወሰን ሳያልፍ ከገነባ የግንባታ ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ነዋሪው ቅሬታውን ቢያሰማም ግንባታውን በይፋ ችሎት የሚመረምር አካል በአብዛኛው የለም።

አልሚው ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ከፍ ያለ ወይም ብዙ ቤቶች የያዘ ሕንፃ ከፈለገ ግን ፒዩዲ በሚል ምኅጻር በሚታወቀው ሥርዓት ማመልከት ይችላል። ሥርዓቱ በመሠረቱ ልውውጥ ነው። አልሚው ተጨማሪ የመገንባት መብት ያገኛል፤ በምትኩ ለሕዝብ ጥቅም ይሰጣል። ጥቅሙ አቅምን ያገናዘቡ ተጨማሪ ቤቶች፣ መናፈሻ ወይም ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተለየ ቦታ ሊሆን ይችላል። የነዋሪው አስተያየት ከፍተኛ ክብደት የሚያገኘው በዚህ ድርድር ወቅት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ማለት ይገባል። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት 10 ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ ቤቶች ያሉት አዲስ ሕንፃ በአብዛኛው የተወሰነውን ድርሻ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆኑ ቤተሰቦች መመደብ አለበት። ይህ ግዴታ ስለሆነ እንደ ስጦታ ሊቆጠር አይገባም። በፒዩዲ ሥርዓት የሚጠየቀው ከግዴታው በላይ ምን እንደሚጨመር ነው።

የሰፈር ተመራጮችና "ታላቅ ክብደት"

በ1973 ለከተማዋ ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን የሰጠው ሕግ የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽኖችንም አስገኝቷል። ኤኤንሲ ተብለው የሚታወቁት የእነዚህ ኮሚሽኖች አባላት እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይወክላሉ፤ የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ሲሆን ደመወዝ አይከፈላቸውም።

ኮሚሽኖቹ ፕሮጀክት የማጽደቅም ሆነ የመሻር ሥልጣን የላቸውም። ነገር ግን ምልዓተ ጉባኤ በተሟላበትና አስቀድሞ በተነገረ ይፋዊ ስብሰባ ወስነው በጽሑፍ የሚያቀርቡት ምክር በሕግ "ታላቅ ክብደት" ይሰጠዋል። ይህም ወሳኙ መሥሪያ ቤት ከምክሩ ጋር ይስማማል ማለት አይደለም። የተነሣውን እያንዳንዱን ስጋት ጠቅሶ፣ የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ የማስረዳት ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ስብሰባዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። አልሚዎችም አብዛኛውን ጊዜ እቅዳቸውን መጀመሪያ የሚያስተዋውቁት እዚሁ ነው። ንድፉ ገና ያልጸና በመሆኑ በዚህ ደረጃ ለውጥ ማስደረግ ከሌላው ጊዜ ይቀላል።

በዞኒንግ ኮሚሽን ፊት

የፒዩዲ ማመልከቻን የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት የዞኒንግ ኮሚሽን ነው። ሦስቱን ከንቲባው ይሾማሉ፤ ሁለቱ የፌዴራል መንግሥት ተወካዮች ናቸው። አልሚው ማመልከቻውን ከማስገባቱ ቢያንስ 45 ቀናት በፊት ለአካባቢው አማካሪ ኮሚሽንና ከቦታው በ200 ጫማ ወይም በ60 ሜትር ገደማ ዙሪያ ላሉ የንብረት ባለቤቶች ማሳወቅ አለበት። በዚህ ክልል ያለ ቤት ተከራይ ወይም ባለሱቅ ግን ደብዳቤው ለባለንብረቱ ስለሚላክ ወሬው ዘግይቶ ሊደርሰው ይችላል።

በችሎቱ አንድ ግለሰብ ለ3 ደቂቃ፣ ድርጅት የሚወክል ሰው ደግሞ ለ5 ደቂቃ ይናገራል። በጽሑፍ ማቅረብም ይቻላል። ፕሮጀክቱ ከሌላው ሕዝብ በተለየ ሁኔታ የሚነካው ሰው ወይም ማኅበር ከችሎቱ ቢያንስ 14 ቀናት አስቀድሞ አመልክቶ የክርክሩ ተካፋይ ለመሆን መጠየቅ ይችላል። የተፈቀደለት ምስክሮችን ያቀርባል፤ ለአልሚው ምስክሮችም መስቀለኛ ጥያቄ ያነሣል።

የማክሚላን ጉዳይ ያሳየው

በኖርዝ ካፒቶል ጎዳናና በሚሺጋን አቬኑ መገናኛ የሚገኘው ማክሚላን 25 ኤከር የሚሰፋ የቀድሞ የውኃ ማጣሪያ ሥፍራ ነው። ከተማዋ በ1987 ከፌዴራል መንግሥት ገዝታዋለች። መኖሪያ ቤቶችን፣ የምግብ መደብርንና የሕክምና ቢሮዎችን ያካተተው እቅድ የዞኒንግ ኮሚሽኑን ይሁንታ ቢያገኝም፣ የከተማዋ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2016 ውሳኔውን ሻረው። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው የተቃዋሚዎቹን ቁጥር አልነበረም። ኮሚሽኑ በመዝገቡ ለሰፈሩ ስጋቶች፣ ከእነዚህም መካከል የመሬት ዋጋ መናርና የነዋሪዎች መፈናቀል ለሚሉት፣ በቂ መልስ አለመስጠቱን ነው።

ኮሚሽኑ ምክንያቱን አሟልቶ ፕሮጀክቱን ዳግም አጸደቀ፤ ፍርድ ቤቱም በ2019 ውሳኔውን አጸና። የሕዝብ መናፈሻውና የማኅበረሰብ ማዕከሉ በ2024 ተከፍተዋል። ደጋፊዎች ክርክሩ ቤት ለሚሹ ሰዎች የታሰቡ ግንባታዎችን ለዓመታት አዘግይቷል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ካለ ክርክር መልስ ባልተገኘ ነበር ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የሚጋሩት ትምህርት ቢኖር በመዝገብ ያልሰፈረ ስጋት ኋላ ላይ ይግባኝ ሊባልበት አዳጋች መሆኑ ነው።

የነጋዴዎች ክፍተት

በ1980 የወጣው የከተማዋ ሕግ፣ በኋለኞቹ ማሻሻያዎች ወሰኑ ቢጠብም፣ የመኖሪያ ቤት ተከራዮች ሕንፃው ሲሸጥ የመግዛት ዕድል በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ያደርጋል። ሱቅ የተከራየ ነጋዴ ግን ይህ መብት የለውም፤ ዋስትናው የኪራይ ውሉ ነው። ስለዚህ በግንባታው ወቅት ጊዜያዊ ቦታ፣ የመመለስ መብት ወይም የኪራይ ጣሪያ የሚፈልግ ባለሱቅ ጥያቄውን ድርድሩ ሳያልቅ ማቅረብ ይኖርበታል። የአልሚው ቃልም በኮሚሽኑ ትእዛዝ ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ካልተጻፈ ማስፈጸም ይከብዳል።

በአማርኛ መናገር ይቻላል?

በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ተገልጋዮች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ከችሎቱ ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል፤ አገልግሎቱ ከተነፈገ ለከተማዋ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት ይችላል።

በጽሑፍ የሚቀርብ አስተያየት የመዝገቡን ቁጥር፣ የአቅራቢውን አድራሻና ፕሮጀክቱ የሚያስከትልበትን ተጨባጭ ጉዳት ወይም ጥቅም ቢይዝ ይመረጣል። "ሕንፃውን አልፈልገውም" ከሚል ይልቅ "ግንባታው በሚቆይበት ጊዜ ሱቄ የት ይሆናል?" የሚል ጥያቄ ኮሚሽኑ መልስ እንዲሰጥበት የተሻለ መንገድ ይከፍታል።