«አልነጋም»

ልጆች ሆነን ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው «ኩኩሉ!» ይላል። እኛም «አልነጋም!» እንላለን። ጠያቂው ችኩል ከሆነ መደበቂያ ሳናገኝ ደግሞ ይጠይቃል፤ መልሱም ያው ነው። ይህን ጨዋታ ያስታወሰኝ ፊዚክስ ነው ብል ማን ያምነኛል? የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረን ሰው አቶም ውስጥ ምን ዶለው አትበሉኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከፍልስፍና ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኤሊያው ዜኖ «የተወረወረ ቀስት በየቅጽበቱ ቆሞ ነው የሚገኘው፤ ታዲያ መቼ ሄደ?» እያለ ሰውን አስጨነቀ። ቀስቱ ግን መሄዱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሚስራና ሱዳርሻን የተባሉ ሁለት የህንድ ተወላጆች የዜኖን ስም መልሰው አነሱት። ያልተረጋጋ ቅንጣት ያለማቋረጥ ከታየ አይፈርስም ሲሉ በሒሳብ አሳዩ።

እንዴት? መነሻው ላይ የመለወጥ ዕድሉ የሚያድገው በጊዜው ካሬ ነው። በጊዜው አንድ አሥረኛ ላይ ብታዩት ተለውጦ የመገኘት ዕድሉ አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ካልተለወጠ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሥሬ ብታዩት ድምሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኢታኖና ባልደረቦቹ በኮሎራዶ 5,000 ያህል የቤሪሊየም አዮኖችን ያዙ። በ256 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁሉንም ሊያሸጋግር የሚችል የሬዲዮ ሞገድ ለቀቁባቸው። በመሀል 64 ጊዜ በሌዘር ሲያዩዋቸው ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ባሉበት ቀሩ። «ይሄማ በሞገድ የተገፋ እንጂ በራሱ የሚፈርስ ነገር አይደለም» ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የቴክሳሱ ሬይዘን ቡድን ከብርሃን ወጥመድ በሚያመልጡ የሶዲየም አቶሞች ላይ ሞከረው። ቶሎ ቶሎ ሲያዩዋቸው ማምለጡ ዘገየ፤ ፋታ እየሰጡ ሲያዩዋቸው ግን ጭራሽ ፈጠነ!

«ማየት» ሲባል ታዲያ ማፍጠጥ አይደለም፤ አቶሙን የሚነካው ብርሃን ነው። መሬት ውስጥ ያለ ዩራኒየም ላይ ዓመት ሙሉ ብናፈጥ ግድ አይሰጠውም።

ሰው አቶም አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ፈተና ስፈትን አንድ ተማሪ ራስጌ እየተመላለስኩ «ጨረስክ?» ስለው፣ ብዕሩን አስቀምጦ «መምህር፣ እርስዎ በመጡ ቁጥር እኮ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው» አለኝ። ለካ ክፍሉን ሙሉ «ኩኩሉ» ስል ነው የኖርኩት።