ደረቅ ወንዝ የሚያስተምረው ትምህርት

መጋላን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያውቃል። ድሬዳዋን ለሁለት የከፈለው እሱ ነው፤ በአንዱ በኩል ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው አቋርጦት ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ቀረ። ኩባንያው ከዚራን በፕላን፣ ቀጥ ባሉ መንገዶች ሠራ። መጋላ ደግሞ ከወንዙ ማዶ በነጋዴውና በሠራተኛው እጅ አደገ። ከተማው ሲጠብ፣ አቅም የሌለው ሰው ወደ ወንዙ ዳር ተጠጋ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞላ። ዝናቡ በብዛት የወረደው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው ግን ቆላ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሰማነው ጥያቄ «ማን ወንዝ አፍ ላይ ቤት ሥሩ አላቸው?» የሚል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ ጠባያችንን በጥናት አሳይቷል፦ ሰው የነገሩን መጨረሻ ካወቀ በኋላ «ይሄማ ድሮም ግልጽ ነበር» ይላል። ከመሆኑ በፊት ግን ግልጽ አልነበረም።

እስቲ ራሳችንን በዚያ ነዋሪ ቦታ እናስቀምጥ። ደቻቱ ዳር 20 ዓመት የኖረ ሰው ከ7,000 በላይ ሌሊት በሰላም አድሯል። በየማለዳው ወንዙ «ምንም አይመጣም» ይለዋል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ አእምሮ የአንድን ነገር ዕድል የሚገምተው ምሳሌው ቶሎ ትዝ በሚለው መጠን ነው። ሮበርት ኬትስ የተባለው የጂኦግራፊ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ጠይቆ ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ሰው ካየው የከፋ ጎርፍ ይመጣል ብሎ ማሰብ ይቸግረዋል። የቴነሲው ባለቤትና የመጋላው ነዋሪ የሚያስቡት በአንድ ዓይነት አእምሮ ነው። ልዩነቱ ድሃው ሌላ የሚሄድበት የሌለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። የአንድ ሰው ትዝታ አጭር ከሆነ፣ ረጅሙን ትዝታ መያዝ ያለበት ማን ነው? ደቻቱ በደርግ ዘመንም ሰው ወስዶ ነበር። ያንን መዝግቦ የሚይዝ፣ ደጋ ላይ የሚዘንበውን የሚለካ፣ ቦታ የሚመራና የሚከለክል ቢሮ ነው። ግለሰቡ ያላየውን አላወቀም ብለን ልንወቅሰው አይገባም። መዝገብ ያለው አካል ግን መዝገቡን አለማንበቡ ጥፋት ነው።

ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። መልካም ነው። ሆኖም ግንብም እንደ ደረቅ አሸዋ ያስተምራል። የኬትስ መምህር ጊልበርት ዋይት አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀው፣ ግንብ ሲሠራ ሰው ይተማመናል፣ ይበልጥም ይጠጋል፤ ውሃው ግንቡን ያለፈ ቀን ጉዳቱ ይከፋል። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያም ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ገድሏል።

ዛሬ የ1998ቱን ሌሊት የማያስታውስ ወጣት መጋላ ውስጥ አድጎ ጎጆ እየወጣ ነው። ለእሱ ደቻቱ አሸዋ ነው። ያንን ሌሊት ማን ይነግረዋል? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል የአገሬ ሰው። እርጥቡ ትዝታ እየደረቀ ነው።