ነፋስ መውጫ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

የላይ ጋይንቷን ከተማ ነፋስ መውጫ ብሎ የሰየማት ሰው ሜካኒክ አልነበረም። ስሙ ግን ለሜካኒኮች የወጣ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ነፋስ ሞልቷል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። እዚያ አንድ ሊትር አየር የሚመዝነው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚመዝነው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ ከሳበው በላይ አየር ከየትም አያገኝም። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ፋብሪካው መቶ የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ የሸጠላችሁ መኪና ጋይንት ላይ ሰባ አምስት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቀሪውን ተራራው ቀርጦታል።

ይህን ቀረጥ መጀመሪያ የከፈለው ሞተር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የጎተተው የሰው ክንድ ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው በመንገድ ጠረጋው እጃቸውን አስገብተዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። አምስት ወር ከምናምን! ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው አተኳኮሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጉዞው ነው።

ከዚያ አንድ ምዕተ ዓመት አለፈ። ቻይናውያን ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጨረሱት፤ ስሙም «የቻይና መንገድ» ሆኖ ቀረ። በዚያ ዘመን በአገራችን መንገዶች ላይ የነገሠው የጭነት መኪና ፊያት 682 ነበር። ሰዉ «ኤንትሬ» የሚለው ማለት ነው (ትሬ በጣሊያንኛ ሦስት ነው፤ የሞዴሉ ስም ኤን ሦስት ነበር)። ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ግዙፍ ሞተር አለው፤ ቱርቦ ግን የለውም። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማው ጎን በእግሩ ይከተላል። ቢቆም ታኮውን ጎማው ሥር ይወሽቃል። ፍሬኑን ብቻ ማመን ለነፍሱ የሚሳሳ ሰው ሥራ አይደለም።

የሚያናድደው ታሪክ እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ ያኔ ከተገኘ ቆይቷል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በጭስ ማውጫ የሚባክነውን ጉልበት መልሶ አየር ለማስገቢያ የማዋልን ሐሳብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አናት ላይ አወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ነው፤ ከጉናችን ብዙም አይበልጥም። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አናቱ ላይ ያለ ቱርቦ 230 ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ቱርቦን ዛሬ የምናውቀው በእሽቅድምድም ፊልም ነው፤ ስሙን ያስመሰከረው ግን ተራራ ላይ፣ የጋይንትን ዓይነት ችግር ሲፈታ ነበር። ለኛ ዳገት በብዛት የደረሰልን ግን ከዘመናት በኋላ ነው። ሦስት ሊትር የሚጠጋው ቱርቦ አልባው የቶዮታ «ፋይቭ ኤል» ሚኒባስ ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ባለ ሁለት ተኩል ሊትሩ «ዲፎርዲ» ጥሎት የሚሄደው በቱርቦው ነው።

ታዲያ ዲኤክሱን የሚያፈቅረው ጓደኛችሁ «እኔም ልግጠምለት» ቢልስ? ይቻላል። ጭሱ ወደ ማርሚታ ከመሄዱ በፊት የቱርቦውን ተርባይን ያዞራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መጭመቂያ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ችግሩ ጭስ በበዛ ቁጥር ቱርቦው ይፈጥናል፣ ቱርቦው በፈጠነ ቁጥር ጭሱ ይበዛል። ልጓም ያስፈልገዋል። ልጓሙ ዌስትጌት ይባላል። ውጫዊው ዓይነት ከተርባይኑ በፊት ቱቦው ላይ ለብቻው የሚታሰር በር ነው። በሩን ሞላ ዘግቶ ይይዘዋል፤ የአየሩ ግፊት ከሞላው ሲበረታ በሩ ይከፈትና ትርፉ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል። ለጭስም ነፋስ መውጫ አለው ማለት ነው።

ያለ ቱርቦ የተሠራ የቤንዚን ሞተር ከመጀመሪያው አየሩን አጥብቆ ይጨምቃል። ላዩ ላይ ግፊት ሲጨመርበት ቤንዚኑ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ ይፈነዳል፤ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ፒስቶን ይበሳል። ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየር የተባለውን ባለ ቱርቦ መኪና ሲያወጣ ይህን ፍንዳታ የሚከላከል ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ለብቻው አስቀምጦለት ነበር። ባለቤቶቹ መሙላቱ ሰለቻቸው፤ መኪናውም ሁለት ዓመት ሳይዘልቅ ቀረ።

እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ራሱ ይጨመርበታል። ሞላው የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ነፋስ መውጫ ላይ የአየሩ ግፊት 0.7 ባር ገደማ ስለሆነ 0.3 ባር ቢጨመርበት አንድ ባር ይሆናል። ይኸውም ሞተሩ ባሕር ዳር ላይ የተሠራለት ልክ ነው፤ የተቀረጠው ተመለሰ። ይኸው መኪና ወረታ ሲወርድ 1.1፣ ጅቡቲ ሲደርስ 1.3 ይሆናል፤ ሙቀቱን ጨምሩበት። ከጋይንት ደጋ ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርድም ያው ነው። እስቴ ላይ «ጉልበቱ አልታየኝም» ብሎ ጠንከር ያለ ሞላ ያስቀየረ ሰው እስቴ ላይ ምንም ላይደርስበት ይችላል። ፒስቶኑ የሚበሳው ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ወረታ ሜዳ ላይ፣ መኪናው ደስ ብሎት ሲሮጥ ነው።