መንገዱን መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው?

ዛሬ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ሰሜናዊ ክፍል ስላለ አንድ የጫካ መንገድ እናወጋችኋለን። ስሙ ባምፕ ይባላል። በፖርት ዳግላስ ከተማ አቅራቢያ ካለ ሸለቆ ተነሥቶ፣ ጥቅጥቅ ያለውን ደን እያቋረጠ ወደ ደጋው ይወጣል። ዛሬ ሰዎች ለሽርሽር በእግራቸው ይሄዱበታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ከተራራው ወዲያ፣ በሆጅኪንሰን አካባቢ ወርቅ ተገኘ። ለወርቅ ቆፋሪዎቹ ስንቅ ማድረሻ መንገድ አስፈለገ። በ1877 ክሪስቲ ፓልመርስተን የተባለ ሰው ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን መንገድ አወጣ፤ ፖርት ዳግላስም በዚያው ዓመት ተቆረቆረች። ፈረሶችና በሬዎች በዚያ ዳገት ጋሪ ሲጎትቱ ኖሩ። በ1893 ባቡር ከኬርንስ ተነሥቶ ማሪባ ሲደርስ ግን ንግዱ ወደ ባቡሩ ዞረ።

ታዲያ መንገዱን ያገኘው ፓልመርስተን ነው? አይደለም። እሱ የተከተለው የአገሩ ተወላጆች ከባሕር ዳር ወደ ደጋው ሲመላለሱበት የኖሩትን የእግር መንገድ ነው። የዚያ ደን ሕዝቦች ራሳቸውን «ባማ» ይላሉ። ደኑን የሚያውቁት እንደ ጓሯቸው ነው። እኛ ግብጦን ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈን ምሬቱን እንደምናወጣ ሁሉ፣ እነሱም መርዛማ ፍሬዎችን አብስለውና ከትፈው፣ በቅርጫት አድርገው በወራጅ ውሃ ያጥቡና ይመገቧቸዋል። ወርቅ ፈላጊዎቹ ከመጡ በኋላ ግን ብዙዎቹ ተገደሉ፤ የተረፉትም ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። በመጽሐፍ የተጻፈው የፓልመርስተን ስም ሆነ።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አልቀረም። ደኑ በ1988 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የታየው የተፈጥሮ ሀብቱ ብቻ ነበር። በ2012 ግን የአውስትራሊያ መንግሥት የተወላጆቹን ጥንታዊ መንገዶችና መርዝ የማስወገድ ጥበባቸውን በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበ። በ2021 ደግሞ ከባምፕ በስተሰሜን ያለው የዴይንትሪ ብሔራዊ ፓርክ ለጥንት ባለቤቶቹ፣ ለምሥራቅ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ተመለሰ። ዛሬ ፓርኩን ከመንግሥት ጋር አብረው ያስተዳድራሉ። በሞስማን ሸለቆም ልጆቻቸው እንግዳውን እየመሩ የዛፉንና የድንጋዩን ታሪክ ይነግሩታል።

ውድ ወላጆች፣ ከእኛም መካከል ሱዳን ድረስ በእግራቸው የተጓዙ አሉ። በየት አለፉ? የትኛውን ወንዝ ተሻገሩ? ማንን በመንገድ ቀበሩ? ባለታሪኩ ካልተናገረ ሌላው በራሱ ስም ይጽፈዋል። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አስቀምጡና ንገሯቸው።