ምድርን የሚቈጥሩ መጻሕፍትና ምድርን የሚጠብቁ ሰዎች

ሰው ከምድር የሚያገኘው ጥቅም ሁሉ በገበያ አይሸጥም። እህልና ከብት ዋጋ አላቸው፤ ምንጭና የጋራ ግጦሽ፣ በዳገት ላይ የቆመ ጫካ፣ ከማሳው በጎርፍ የሚወሰደው አፈር ግን በገበያ የሚጠራ ዋጋ የላቸውም። ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለቤትም ጠባቂም እንደሌለው ይቈጠራል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የአካባቢ ኤኮኖሚክስና የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት የተነሣው ይህን ጉዳይ ለመመርመር ነው። የዚህን ትምህርት መጻሕፍት በብርቱ ሊያስጠነቅቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በመጽሐፉ የተጻፈው ስሕተት በመጽሐፉ ውስጥ ታስሮ አለመቅረቱ ነው። ሊቁ በወረቀት ያሰፈረው ሐሳብ በሹሙ እጅ ደንብ ይሆናል፤ ደንቡም እረኛው ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ የእነዚህን መጻሕፍት ታሪክ ማወቅ ለአንባቢ የሚጠቅመውን ያህል ለአስተማሪም ይጠቅማል።

የነገሩ ሥር ረጅም ነው። ዊልያም ፎርስተር ሎይድ የተባለው የኦክስፎርድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1833 ባሳተመው ንግግሩ፣ በጋራ መስክ የሚሰማሩት ከብቶች ስለ ምን እንደሚከሱና እንደሚቀጭጩ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1920 የካምብሪጁ ፕሮፌሰር አርተር ሴሲል ፒጉ፣ አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም በሚሠራው ሥራ በሌላው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በዕቃው ዋጋ ውስጥ ሳይቈጠር እንደሚቀር በሰፊው አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲግፍሪድ ፎን ሲሪያሲ ዋንትሩፕ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ስለ ሀብት ጥበቃ ኤኮኖሚ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላም ስኮት ጎርደን የተባለው የካናዳ ተወላጅ፣ ማንም ሰው እንደ ልቡ የሚያጠምድበት ባሕር ዓሣውም የዓሣ አጥማጁም ትርፍ እያለቀ የሚሄድ መሆኑን በስሌት አሳየ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በዓለም የተሰማው ግን አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ጋራ ሀብት መከራ ጻፈ። ምሳሌውም ይህ ነው፦ ለሁሉ ክፍት የሆነ አንድ መስክ አለ። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ ለእርሱ ብቻ ነው፤ በመስኩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ለሁሉም ይካፈላል። ስለዚህ ልበኛ እረኛ ሁሉ አንድ ሌላ፣ ደግሞም አንድ ሌላ እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም መስኩ ይጠፋል። ከዚህ የሚያድነው መሬቱን ለግል ባለቤት መስጠት ወይም በመንግሥት ኀይል መጠበቅ ነው የሚል ትምህርት ከጽሑፉ ተወሰደ። ምሳሌው አጭርና ግልጥ ስለ ነበረ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ገባ፤ የልማት መሥሪያ ቤቶችም ተቀበሉት።

ይህ አስተሳሰብ ግን ጽሑፉ ከመታተሙ ከ30 ዓመት በፊት በምሥራቅ አፍሪካ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። በኬንያ የማቻኮስ አውራጃ የአካምባ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ዝናሙ የማይታመን ኮረብታማ አገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለነጭ ሰፋሪዎች መሬት ሲከልልና የቀረውንም የዘውድ መሬት ሲል፣ አካምባዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩባቸው ሰፊ ስፍራዎች ተዘጉባቸው። ሰውም ከብትም በጠበበው ክልል ተጨናነቀ፤ ድርቅም ተጨመረበት፤ አፈሩም ይሸረሸር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1937 ኮሊን ማኸር የተባለው የአፈር ጥበቃ ሹም ባቀረበው ሪፖርት ሕዝቡን ወደ መጨረሻ ድህነት፣ ምድሩንም ወደ ድንጋይና አሸዋ የሚሄድ አድርጎ ገለጠው። መሸርሸሩ እውነት ነበር። ነገር ግን ምክንያቱ የከብት ብዛትና የገበሬው አለማወቅ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ የተወሰደው መሬት ግን ከሒሳቡ ወጣ።

ፍርዱም ወዲያው ተፈጸመ። እ.ኤ.አ. በ1938 መንግሥት የአካምባን ከብት በግዴታ ለመቀነስ ቈርጦ ተነሣ፤ በአቲ ወንዝ አጠገብም የሥጋ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር። ከብት ከየባለቤቱ እየተነዳ በዝቅተኛ ዋጋ በሐራጅ ተሸጠ። ለአካምባ ሰው ከብት ማለት ወተት ብቻ አይደለም፤ የልጁ ማጫ፣ የድርቅ ዘመን ስንቁ ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ሙዊንዲ ምቢንጉ በተባለ መሪነት በሺሕ የሚቈጠሩ ወንዶችና ሴቶች በእግራቸው ወደ ናይሮቢ ወርደው፣ አገረ ገዥው ራሱ አቤቱታቸውን እስኪሰማ አንመለስም ብለው በከተማው ሰፈሩ። ሙዊንዲ ምቢንጉ ተይዞ ወደ ላሙ ተጋዘ። ይሁን እንጂ የሕዝቡ ጽናት አልተሰበረም፤ ዓመቱም ሳያልቅ መንግሥት የግዴታውን ሽያጭ ተወ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ለዓለም የገለጠው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሜሪ ቲፈንና ማይክል ሞርቲሞር ከኬንያዊው ፍራንሲስ ጊቹኪ ጋር ሆነው ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብዙ ሕዝብ፣ ጥቂት የአፈር መሸርሸር» እንደ ማለት ነው። ሦስቱ ሊቃውንት የድሮውን ሪፖርት ብቻ አንብበው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1937 ፎቶግራፍ የተነሡትን ኮረብታዎች በየስፍራቸው ፈልገው እንደገና አስነሡ፤ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ የምርቱንና የሕዝቡን ቍጥር ከዓመት ዓመት አስተያዩ። የአውራጃው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1932 ከነበረበት 240,000 ገደማ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 1,400,000 ደርሶ ነበር። በቀድሞው ትምህርት መሠረት ምድሩ ፈጽሞ መጥፋት በተገባው ነበር። የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ራቁታቸውን የነበሩት ዳገቶች በእርከን ተሸፍነዋል፤ በየማሳው ዳር ዛፍ ቆሟል፤ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገኘውም ምርት ብዙ እጥፍ አድጓል።

ይህን ያደረገው ማነው? መንግሥት በግዴታ ያሠራው እርከን ብዙው ፈርሶ ነበር። የጸናው ገበሬው ጥቅሙን አይቶ በራሱ ፈቃድ የቈፈረው፣ በስዋሂሊ «ፋንያ ጁ» የሚባለውና አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው እርከን ነው። ሥራው የተሠራው በአገራችን ደቦ ወይም ወንፈል እንደምንለው ያለ፣ እነርሱ «ምዌትያ» በሚሉት የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን ብዙዎቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። ደግሞም ገበሬው መሬቱ የራሱ መሆኑን ሲያምን፣ ቡናና አትክልት ሸጦ ገንዘብ ሲያገኝ፣ ለአፈሩ የሚደክምበት ምክንያት አገኘ። ይህን መጽሐፍ የነቀፉ ሊቃውንት አልጠፉም። ማቻኮስ ለናይሮቢ ቅርብ መሆኑን፣ ከከተማ ደመወዝ የሚላከውም ገንዘብ እንደ ረዳው፣ ከአውራጃውም ገበሬ ሁሉ እኩል እንዳልበለጸገ ተናግረዋል፤ ነቀፋቸውም ሊደመጥ የሚገባው ነው። ዋናው ፍሬ ነገር ግን አልተናወጠም፤ የ1937ቱ ሪፖርት አጥፊ ነው ያለው ሕዝብ አገሩን አድኗል።

በዚያው ዘመን የሃርዲን ምሳሌ ራሱ በሊቃውንት ዘንድ እየተመረመረ ነበር። አስቀድሞ የተጠቀሰው ሲሪያሲ ዋንትሩፕ ከሪቻርድ ቢሾፕ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፈው ጽሑፍ፣ የጋራ የሆነ ነገርና የማንም ያልሆነ ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። የጋራ የሆነው ባለቤቶቹ የታወቁ፣ ደንቡም የታወቀ ነው፤ የማንም ያልሆነው ግን ደጁ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ሃርዲን የጻፈው ስለ ሁለተኛው ነበር፤ ፍርዱ የወደቀው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው። ሃርዲንም ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያው መጽሔት ላይ፣ ያልተጠበቀ የጋራ ሀብት ብሎ መለየት ሲገባው አለመለየቱ ከስሕተቶቹ ሁሉ የከበደው መሆኑን አመነ። ሊቅ ስሕተቱን ሲያምን ክብሩ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

ነገሩን በሙሉ መጽሐፍ ያቀረበችው ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። እ.ኤ.አ. በ1933 በሎስ አንጀለስ የተወለደችው ይህች ሊቅ ለዶክተርነት የመረመረችው በዚያው በተወለደችበት አገር ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ሰዎች እንዴት ተስማምተው እንደሚካፈሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊስን ተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን መንደሮች ደን፣ የስፔይንንና የፊሊፒንስን የመስኖ ማኅበራት አስተያይታ፣ ለብዙ መቶ ዓመት የቆዩት የሚመሳሰሉበትን አወጣች። ወሰኑና ባለመብቱ የታወቀ ነው፤ ደንቡ ለስፍራው የተስማማ ነው፤ ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ጠባቂ አለ፤ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ መጠን ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳል፤ ለጠብ የቅርብ ዳኛ አለው፤ መንግሥትም መብታቸውን አይነካም። መጽሐፏ የተሳካውን ብቻ አላወደሰም፤ በቱርክና በስሪ ላንካ የወደቁትንም የዓሣ ማስገሪያ ስፍራዎች ከነምክንያታቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ከኦሊቨር ዊልያምሰን ጋር ስትካፈል፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ትምህርት ሲሰማ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ያቆየ ሕዝብ የነገሩን ሥር ያውቀዋል። ሥራውንም ማየት የፈለገ ወደ መንዝ ይውጣ። በመንዝ ጌራ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል፤ ቁጥቋጦው ማገዶ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ሜዳው የከብት መሸሻ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም በዚያ ይኖራሉ። ይህን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው ቄሮ የተባለው ሥርዓት እንደሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ባለመብቶች በስምምነት አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ከአጨዳም ከግጦሽም ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ክረምቱ ሲገባ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሐምሌ 5 ቀን እንደገና ይዘጋል። ባለመብቶቹ ጥበቃ የመውጣት ግዴታ ነበረባቸው፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ኦስትሮም ከስዊስና ከጃፓን የለቀመችው መመሪያ አብዛኛው በዚህ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የአባቶች ሥርዓት ነውና እንከን የለውም ማለት ሌላ ስሕተት ነው። የቄሮ መብት በትውልድ የሚገኝ ስለሆነ፣ በዚያው አገር እየኖሩ ከአቅኚዎቹ ዘር ባለመሆናቸው ከሜዳው የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው ዐዋጅ ሲወጣ፣ የርስት መብት ፈረሰ፤ ቄሮም የቆመበት መሠረት ተናደ። ተከልክሎ ለኖረው ሰው ዐዋጁ ፍትሕ ነበር፤ ለሜዳው ግን ጠባቂውን ያሳጣ ሆነ። ሣሩ ከጊዜው በፊት ታጨደ፤ ከብቱም ያለ ተራ ገባ። ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጀል ሊደር ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁሉ መርምረው፣ ሥርዓቱ ጨርሶ እንዳልሞተና የአገሩ ሰዎች ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ሊያስማሙት እንደ ጣሩ አስረድተዋል። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ የታወቀ ነው። የማቻኮስ ዳገትና የመንዝ ሜዳ በዚህ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ጋ ምድሩን ያቆየው ደንብ በሕዝቡ መካከል ነበር፤ ሁለቱም ጋ ከላይ የመጣው ትእዛዝ ደንቡን ሳይጠይቅ ዐለፈው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መጻሕፍትን መናቅ አይደለም። የአንዱን መጽሐፍ ስሕተት ያረመው ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ልዩነቱም ሁለተኛው ደራሲ ከመፍረዱ በፊት ወደ ስፍራው ወርዶ ኮረብታውን ማየቱና ባለመሬቱን መጠየቁ ነው። በዚህ ረገድ የአስተማሪ ኀላፊነት ከባድ ነው። የሃርዲን ምሳሌ ከመማሪያ መጻሕፍት አልጠፋም፤ ለተማሪም በአንድ ሰዓት ትምህርት ሊገባው ይችላል፤ የምቢንጉና የአካምባ ሴቶች፣ የመንዝም ባለመብቶችና የተከለከሉት ጎረቤቶቻቸው ታሪክ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የሰጠ አስተማሪ፣ ነገ የእርሻ ሹም ወይም የሕግ አርቃቂ የሚሆነው ተማሪ በአንድ ሜዳ ላይ ከመፍረዱ በፊት «የዚህ ምድር ጠባቂ ማነው? ደንቡስ ምን ይላል? ከደንቡስ የተከለከለው ማነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። በማቻኮስ ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1937 ቢጠየቅ ኖሮ፣ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከብቱን ለማስመለስ ናይሮቢ ድረስ በእግሩ ባልተጓዘም ነበር።