ቅድመ ወሊድ የአልኮል ጉዳት

ሰኞ የአራትን ብዜት በቃሉ ያለ ልጅ ረቡዕ ሲጠየቅ ጭራሽ እንዳልተማረው ይሆናል። መምህሩ «ደብተርህን አውጣ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ገጽ አሥርን ሥራ» ሲሉት ደብተሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ የቀረው ትእዛዝ ጠፍቶበታል። ትናንት የተቀጣበትን ጥፋት ዛሬ ይደግማል። ለእንዲህ ያለ ልጅ አማርኛችን ስም አላጣም፦ ሰነፍ፣ ደነዝ፣ ባለጌ፣ አልሰማ ባይ። ምክንያቱን የሚናገር ግን ከመካከላቸው የለም።

ከምክንያቶቹ አንዱን እንግሊዝኛው «ፌታል አልኮሆል ስፔክትረም ዲስኦርደር» ይለዋል። እኔ «ቅድመ ወሊድ የአልኮል ጉዳት» ብየዋለሁ። ነፍሰ ጡር የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ደም ይገባል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠና ቶሎ አያስወግደውም፤ በሽርት ውሃውም ውስጥ ይቆያል። አንጎል ደግሞ እርግዝናው እስኪያበቃ ድረስ በመሠራት ላይ ያለ አካል ነው። አልኮል የነርቭ ሕዋሳትን ይገድላል፣ በሕይወት ያሉትንም ወደየቦታቸው ሲጓዙ ያሳስታል። የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ሊቀጥን፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ሒሳብ የሚከብደው፣ የሰማውን ይዞ መሥራት የሚያቅተው፣ «ይህን ካደረግሁ ያ ይመጣል» ማለት የሚሳነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ለሞዋን እ.ኤ.አ. በ1968 በ127 ልጆች ላይ ያየውን ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ስሙ የወጣው በ1973 ነው፦ የሲያትሎቹ ኬኔዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ «ፌታል አልኮሆል ሲንድረም» አሉት። ምልክቱን ፊት ላይ አገኙት፤ አጠር ያለ የዓይን ስንጥቅ፣ ቀጭን የላይኛ ከንፈር፣ ከአፍንጫ ሥር የጠፋ ቦይ። ኋላ ግን ከተጎዱት ልጆች የሚበዙት ይህ ፊት እንደሌላቸው ታወቀ፤ ፊት የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ነውና። ከቀላል እስከ ከባድ ያለውን ጉዳት ሁሉ የሚያቅፈው «ስፔክትረም» የገባው ያን ጊዜ ነው።

ይህችን «ስፔክትረም» ለመተርጎም ብዙ ተቸግሬአለሁ። «ዘርፈ ብዙ» የስብሰባ ሪፖርት ያደከመው ቃል ነው። «መልከ ብዙ» ያምራል፤ ሆኖም ሰው ጉዳቱን መልክ ላይ እንዲፈልግ ያደርጋል፣ ያውም በአብዛኛው መልክ ላይ የማይታየውን። ስለዚህ «ስፔክትረም»ን ከስሙ ጭራሽ ተውኩት። «የጽንስ ጉዳት»ንም አልወደድኩትም፤ ልጁ ሲወለድ የሚያልቅ ያስመስላል፣ ጉዳቱ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። «ቅድመ ወሊድ» መቼ እንደደረሰ ብቻ ይናገራል። «እናት» የሚለውንም ሆን ብዬ አላስገባሁም። ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ትጠጣለች፤ «ምግብ ነው» ተብሎ የሚቀርብላትም አለች። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ ሁሉ አልኮል ነው፤ ለነፍሰ ጡር አይጎዳም የተባለ ልክ እስካሁን የለም። በየትኛውም ወር ማቆም ግን ይጠቅማል።

ምልክቶቹ በሌላ ምክንያትም ስለሚመጡ፣ ሐኪም ሳይመረምር ይህን ስም ለማንም ልጅ አትስጡ። መምህራን ግን ምርመራውን መጠበቅ የለባችሁም፤ ትእዛዙን አንድ በአንድ ስጡት፣ ረቡዕም የአራትን ብዜት እንደ አዲስ አስተምሩት።